ሙሄ ጎሚስታውና የሐያት ዓይን

ከድጃ ስትደውል ተረኛ ነበርኩ። ጓንቴን እስካወልቅ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ፤ በሦስተኛው አነሣሁት።

«ሲስተር የሺ፣ ሙሄ አለፈ» አለችኝ። ድምፅዋ ደርቋል። «ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የደወልኩት።»

ጉበቱን መታመሙን አውቅ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ለምርመራ ደሴ የመጣ ጊዜ ክፍላችን ድረስ ወጥቶ ጠይቆኛል። ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «ምነው ሙሄ?» ስለው፣ «ትንሽ ደክሞኝ ነው፤ አብሽሪ» አለኝ። የታመመውም እሱ፣ የሚያጽናናውም እሱ። ዕድሜው ከአርባ ብዙም አላለፈም ነበር።

በማግስቱ ተራዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ያዝኩ። የደሴ ጭጋግ ከኋላችን ቀረ፤ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሹራቤን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና መንገዱን ሙሉ ስለ እሱ ሳስብ ሄድኩ።

በምሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብዙ አባቶች አይቻለሁ። አብዛኛው ልጁን በመስታወት አሻግሮ ያያል፣ መድኃኒት ግዛ ሲሉት ሮጦ ይገዛል፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። አልፈርድባቸውም። እኛም ቶሎ አናስገባቸውም ነበር።

ሙሄን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሚስቱ ከድጃ ገና ሰባት ወሯ ሳለ የደም ግፊቷ አሻቅቦ ከኮምቦልቻ በአምቡላንስ ወደኛ መጣች፤ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቱ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ነበረች። እናትየዋ ራሷን ስታ ላይኛው ፎቅ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች፤ ልጅቱ እኛ ጋ ማሞቂያ ውስጥ ገባች።

በነጋታው ጠዋት አንድ ረጅም ሰው በራችን ላይ ቆመ። «ልጄን ለማየት ነበር፣ ሲስተር። ቢፈቅዱልኝ» አለ።

እኔ ያየሁት እጆቹን ነው። ወደ ሐርቡ በሚያወጣው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። የጣቶቹ ስንጥቅ፣ የጥፍሮቹ ዙሪያ፣ የመዳፉ መስመር ሁሉ ጥቁር ነው።

«በዚህ እጅ?» አልኩት።

«ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ አልለቅ ብሎኝ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሲለቅ ትመጣለህ።»

እናቶቹ ሁሉ ሰሙኝ። እሱ «እርስዎ» እያለኝ እኔ «አንተ» እያልኩ እንደ ተላላኪ እንደመለስኩት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እጆቹን በልብስ ሳሙና፣ በሎሚ፣ በመጨረሻም በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈትጓቸዋል። ቀልተው አብጠዋል፤ ሁለት ቦታ ደምተዋል። ዘርግቶ አሳየኝና «አሁንስ?» አለኝ።

የደማ እጅም ወደ ልጅ አይገባም። ግን ሁለት ጓንት ደራርቤ አጠለቅሁለትና አስገባሁት። ማሞቂያው አጠገብ ቆሞ ትንፋሿን ተመለከተ። ከዚያ በጆሮዋ አዛን ሊልላት ፈቃድ ጠየቀኝ። መዝጊያውን ጥቂት ገለጥ አደረግሁለት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ በሚመስል ድምፅ ተናገረ። በሰባተኛው ቀን ሐያት ብሎ ስም አወጣላት።

ከድጃ ብትነቃም ግፊቷ አልወርድ፣ የቀዶ ጥገና ቁስሏም አልደርቅ ብሎ ለሳምንታት ከአልጋ እንድትነሣ አልተፈቀደላትም ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ከሰው ገላ ጋር ቆዳ ለቆዳ ሲታቀፍ ይሻለዋል። እናት ከሌለች አባትም ይችላል፤ መጽሐፉ እንዲያ ይላል፤ እኛ ግን በአባት አድርገነው አናውቅም። ሙሄን ስጠይቀው በእናቶቹ መሐል ሸሚዙን ማውለቁ አሳፈረው። ጥግ ላይ መጋረጃ ጋረድኩለት። ልጅቱን ደረቱ ላይ አድርጌ በነጠላ ሳስራት ትንፋሹን ያዘ።

«ተንፍስ እንጂ!» አልኩት።

«እንዳትወድቅ ብዬ ነው።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። ሲነሣ እግሩ ደንዝዞ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። ሱቁን ለወንድሙ ተወው። ላይ ፎቅ የታለበውን የከድጃን ወተት ኮቱ ውስጥ አቅፎ ያወርዳል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በቀስታ ያወራላታል። ምን እንደሚያወራት አንድ ቀን ሰማሁት። «ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ነበር፤ የኋላው ጎማ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ሾፌሩ ቶሎ በል ይለኛል። ቶሎ ቢሉት ጎማ ይሰማል እንዴ?» እያላት ነበር።

ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «አሁንስ፣ ሲስተር?» ይለኛል። ክብደቷን፣ ትንፋሿን፣ ሽንቷን ነው። በመጀመሪያ ያሰለቸኝ ነበር። ኋላ ሳይጠይቀኝ መናገር ጀመርኩ።

በአምስተኛው ሳምንት የዓይን ሐኪሙ ልጆቹን ሊያይ መጣ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሁሉ ያያል። ሐያት ጋ ሲደርስ ቆየ። ደጋግሞ አየ። ከዚያ ሙሄን ወደ ውጭ ጠራውና እኔም ቆሜ እየሰማሁ አስረዳው። የዓይኗ የውስጠኛው ሽፋን ደም ሥሮቹ አድገው ሳያልቁ ነው የተወለደችው፤ አሁን ያለ ቦታቸው እየበቀሉ ነው፤ ከተተዉ ሽፋኑን ጎትተው ያላቅቁታል።

«በሁለት ቀን ውስጥ በሌዘር ካላስቆምነው ሁለቱም ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል» አለው። «ማደንዘዣውም ለሷ ቀላል አይደለም። ትንሽ ናት። ትንፋሿ ሊቋረጥ ይችላል።»

ሙሄ ትንሽ አሰበና «አየሩ በዝቶባት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሐኪሙ ወደኔ አላየም፤ እኔ ግን ያየኝ መሰለኝ። «ኦክስጅን ሲበዛ ያባብሰዋል። ዋናው ምክንያት ግን ያለ ጊዜዋ መወለዷ ነው። ኦክስጅኑ ባይኖር ደግሞ ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር» አለው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሐያት ስትጠቁር ኦክስጅኗን ጨምሬላት ነበር። ቀለሟ ሲመለስ መልሼ መቀነስ ነበረብኝ። በዚያው ቅጽበት ሌላ ሕፃን ልቡ ቆመ፤ ወደሱ ሮጥኩ። ስመለስ የሐያት ኦክስጅን እንደ ጨመርኩት ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆየ አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለአባቷ ግን አልነገርኩትም።

ሙሄ የሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ፈርሞ ሲጨርስ መታጠቢያው ጋ ተከተልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን እየታጠበ ሳለ ሁሉንም ነገርኩት። ውሃውን ሳይዘጋ አዳመጠኝ። ስጨርስም አልዘጋውም። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲጮህብኝም ፈልጌ ነበር።

«ያኛው ልጅ ዳነ?» አለኝ።

«አልዳነም።»

ቧንቧውን ዘጋ። እጁን ሳያደርቅ፣ ውሃው መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ቆመ። «አላህ ለእናቱ ሶብር ይስጣት» አለ። ከዚያ ደግሞ ዘወር ብሎ፣ «ነገ ቀዶ ጥገና ክፍል ይዘሻት የምትገቢው አንቺ ነሽ?»

«ካልፈለግህ ሌላ ሰው…»

«አንቺ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው።»

«እርስዎ» ማለቱን የተወው ያን ቀን ነው። ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ለመነኝ። «ለከድጃ ስለ ዓይኗ እንዳትነግሪያት። ግፊቷ ገና አልወረደም፤ በድንጋጤ እሷንም እንዳላጣት።» እሺ አልኩት። እሺ ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፤ ያን ሰዓት ግን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሐያትን አቅፌ ገባሁ። ማደንዘዣ ሲሰጧት ከመዳፌ አትበልጥም ነበር። የሌዘሩን ብርሃን አላየሁም፤ ዓይኔ መቆጣጠሪያው ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ትንፋሿ ዘገየ፤ ሁለቴም ተመለሰ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ስንወጣ ሙሄ ትቼው የገባሁበት ቦታ ላይ፣ በዚያው አኳኋን ቆሟል። ወንበሩ አጠገቡ ባዶውን ነው።

የሐያት የዓይን ቆቦች አብጠው፣ ቀልተው፣ ተጣብቀው ነበር። ሐኪሙ እየሄደ አስረዳው። «ሁለት ቀን ትንፋሿን ነው የምንጠብቀው። በየስድስት ሰዓቱ ጠብታ አለ። ዓይኗ እንዳይነካ። ማየት አለማየቷን አሁን አትጠይቀኝ፤ በሳምንቱ ነው የማውቀው።»

ከድጃ ያንኑ ቀን ተነሥታ እንድትሄድ ተፈቀደላት። ማንም አልነገረንም። ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወርዳ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ልታይ በራችን ገባች። ሙሄ ሲያያት ተነሣ፤ ግን ቀድማው ማሞቂያው ጋ ደርሳለች።

«ዓይኗን ምን ሆና ነው?»

ሙሄ ወደኔ አየ።

«ሙሄ፣ ዓይኗን ምን ሆና ነው? ትናንት ደህና ናት ብለኸኝ የለም?»

«ዛሬ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሆነች። ልነግርሽ ያልፈለግሁት ግፊትሽ…»

«ልጄን ሲነኳት እኔ ላይ ፎቅ ሩዝ እየበላሁ ነበር!» አለች። አልጮኸችም። «ብትሞትስ ኖሮ? መቃብሯን ልታሳየኝ ነበር?»

ሙሄ ራሱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «ወላሂ ከንግዲህ የምደብቅሽ ነገር የለም።»

ወንበር ሰጠኋት። እጇን አስታጥቤ ልጇን ደረቷ ላይ አደረግሁላት። ሙሄ ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አላናገረችውም፤ ግን እንዲነሣም አላለችውም። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ያየኋቸው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው።

የጠብታው ሰዓት ሲደርስ እኔ ነበርኩ የማደርገው። ያበጠውን ቆብ በጣቴ ጫፍ ገለጥ አድርጌ አንዲት ጠብታ። ሐያት ታለቅሳለች። ማልቀስ ደግሞ ለትንፋሿ ጥሩ አይደለም። ሙሄ ወዲያው ጣቱን መዳፏ ውስጥ ያስገባላትና ያጉረመርማል፤ ዝም ትላለች። ከድጃ የኔን እጅ ታያለች። ከጠርሙሱ እስከ ልጅቱ ዓይን፣ ከልጅቱ ዓይን እስከ ጠርሙሱ፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ አታነሣም። የእናት ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

በሁለተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋት ለኛ አዲስ አይደለም፤ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሣል። ያን ቀን አልተነሣም። የመቆጣጠሪያዎቹ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ቆመና ክፍሉ ውስጥ የእናቶች ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሁለት ነርሶች፣ ዘጠኝ ሕፃናት። ባልደረባዬ ባትሪ ያለውን መሣሪያ ልታመጣ ወጣች። ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ወንድ ልጅ በመሣሪያ ነበር የሚተነፍሰው፤ መሣሪያው ቆሟል። ሮጬ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር እሰጠው ጀመር። ካቆምኩ ይሞታል።

«ሲስተር!» አለ ሙሄ ከወዲያኛው ጥግ። «ሐያት ቆመች! አትተነፍስም!»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከድጃ አቅፋታለች። የልጅቱ ከንፈር አመድ መስሏል።

«ነይ እንጂ!» አለች ከድጃ። «በአላህ፣ ነይ!»

መሄድ አልቻልኩም። እጄ ፊኛው ላይ ነው። ያኛው ቀን እንደገና መጣብኝ፤ ያኔ ሐያትን ትቼ ወደ ሌላ ሕፃን ሮጥኩ፤ አሁን ደግሞ ሌላውን ትቼ ወደሷ መሮጥ አልችልም።

«ሙሄ፣ ስማኝ!» አልኩ። «ውስጥ እግሯን በጣትህ ምታት! ጠንከር አድርገህ!»

መታት።

«ጀርባዋን እሽት አድርግ! ከታች ወደ ላይ! አንገቷ ወደ ፊት እንዳይደፋ፣ ቀና አድርጊያት ከድጃ!»

«የለም» አለ ሙሄ። «የለም፣ ሲስተር፣ የለም።»

«አታቁም! እግሯን ድገም!»

እኔ እጨምቃለሁ፣ እለቃለሁ። እሱ ይመታል፣ ያሻል። ያ ሻካራ አውራ ጣት በዚያች ጀርባ ላይ ሲመላለስ ይታየኛል። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ደርቀዋል። ሙሄ «ሐያት! ሐያትዬ!» ብሎ ሦስተኛ ጊዜ እግሯን መታት።

ልጅቱ ተንጠራራች። አንዴ ሳብ አደረገች። ከዚያ ቀጭን የድመት ልጅ የመሰለ ልቅሶ ተሰማ።

«ተነፈሰች» አለች ከድጃ። «ተነፈሰች፣ ተነፈሰች።»

ሙሄ እጁን ከጀርባዋ ላይ አላነሣም። ባልደረባዬ ስትመለስ፣ ጀነሬተሩም ሲነሣ እዚያው ተንበርክኮ ነበር። ወንዱን ልጅ ለባልደረባዬ ሰጥቼ መጣሁና ሐያትን አዳመጥኳት። ልቧ ይሮጣል፤ ትንፋሿ ደህና ነው። ሙሄ ቀና ብሎ አየኝ። ላቡ ጺሙ ላይ ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን እየተፈራረቁ ትንፋሿን በዓይናቸው ቆጠሩ። አንዱ ሲሰግድ ሌላው ይይዛል፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ያያል። መቆጣጠሪያውን አላመኑትም፤ እኔም እመኑት አላልኳቸውም።

በሳምንቱ ሐኪሙ አየ። የግራው እየተረጋጋ ነው አለ። ቀኙን እንጠብቅ አለ። እንደገና ሳምንት ጠበቁ። በሁለተኛው ምርመራ ላይ የግራ ዓይኗ መትረፉን፣ የቀኙ ሽፋን ግን ከመሐል መጎተቱን ነገራቸው። «ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለይ ይሆናል። በግራው ግን ታያለች፤ ከፍ ስትል መነጽር ትፈልጋለች።»

ከድጃ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ልጇን ታቀፈች። ሙሄም እንዲሁ አለ። ከዚያ ወጣ። ሲዘገይብኝ ፈለግሁት፤ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ አንሶላ የሚሰጣበት ገመድ ሥር ቆሞ ያለቅሳል።

«አመስጋኝ አይደለህም አትበይኝ» አለኝ። «ግን ሁለቱንም ነበር የፈለግሁት፣ የሺ። ሁለቱንም ነበር።»

አብሬው ቆምኩ። እርጥቡ አንሶላ በነፋስ ፊታችንን ይነካናል። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ጠብታዋ ደርሷል ብሎኝ ቀደመኝ።

ከወር በኋላ ሐያት ሁለት ኪሎ ሞልታ ወጣች። ለቀጠሮ በመጡ ቁጥር ሙሄ እኛ ጋ ሳይገባ አይሄድም ነበር። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የሚጠብቁ አባቶችን ሲያይ ሄዶ ያነጋግራቸዋል። አንድ ቀን ከኩታበር የመጣ ገበሬ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ አንዳች ነገር እንደወሰነ ሰው በራችን ላይ ቆመና «ደረቴ ላይ አድርጊልኝ፤ አንድ ሰውዬ ይቻላል ብሎኛል» አለኝ። ዛሬ አባቶችን በር ላይ አልመልስም። አዲስ የሚመጡ ነርሶችም እንዳይመልሱ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነግራቸውም።

ኮምቦልቻ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ሐያት በር ላይ አገኘችኝ። መነጽሯ በላስቲክ ከራሷ ኋላ ታስሯል። ፊቷን ወደ ቀኝ ዘወር አድርጋ በግራ ዓይኗ አየችኝና «አባ የለም» አለችኝ፤ ሱቅ ለመጣ ደንበኛ እንደምትነግር ሁሉ። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

ከድጃ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ እጄን ያዘችና ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ስለ ሕመሙ፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት ነገረችኝ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ስለ ኦክስጅኑ አውቃለሁ» አለችኝ።

«መቼ ነገረሽ?»

«ያኔውኑ። ኦፕራሲዮን የሆነች ቀን፣ አልደብቅሽም ብሎ የማለልኝ ቀን። እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገረኝ። ጠብታውን ሌላ ሰው ያድርግላት አልኩት። ‹ከሷ በላይ የሚጠነቀቅላት አታገኚም› አለኝ። እኔ አላመንኩትም። እጅሽን ስጠብቅ ነበር።»

«አይቼሻለሁ» አልኳት።

«መብራት የጠፋ ቀንማ ጠላሁሽ። ልጄ እየሞተች እየጠራሁሽ አልመጣሽም። ይህን ለሙሄ ስነግረው ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ ብሎ ተቆጣኝ፤ ከተጋባን ወዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ አሁንስ?»

ከድጃ የሻሽዋን ጫፍ አጠፈችና ዘረጋችው። «እኛ ከመውጣታችን በፊት በነበረው ቀን፣ የዚያ መስኮቱ አጠገብ አየር ስትሰጪው የነበረው ልጅ እናት፣ ልጇ ድኖላት ታቅፋው በበሩ ስትወጣ አየኋት» አለች። «ለሙሄ ተነሥና በሩን ክፈትላት አልኩት።»